ባዶውን ዜሮ ያልኩበት ክረምት

ይህን ገጠመኝ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። የሚያሳፍረኝ ነገር ስላለበት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የሚያሳፍሩኝ ነገሮች እየቀነሱ መጡ መሰለኝ፤ ዛሬ ሳልቀባባ ልነግራችሁ ነው።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በሒሳብ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ፕሮግራመር ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ያኔ ሥራው ራሱ ብርቅ ነው። አጎቴ እስኪሞት ድረስ የሬዲዮ ሠራተኛ እመስለው ነበር፤ በተገናኘን ቁጥር "ያንቺ ፕሮግራም ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚተላለፈው?" ይለኛል። እኔም ማስረዳቱ ሲደክመኝ "እሑድ እሑድ ነው" ብዬ ተገላገልኩ። ምስኪን፣ ስንት እሑድ ሬዲዮው ሥር ተቀምጦ እንደጠበቀኝ እንጃ።

እውነቱን ልናገርና፣ ሥራዬን የምወደው ለሰው ይጠቅማል ብዬ አልነበረም። ሌላው በመቶ መስመር የሚጽፈውን በሠላሳ መስመር ስጨርሰው ደስ ስለሚለኝ ነበር። ጥልፏን ጨርሳ ጨርቁን ፊቷ ዘርግታ እንደምታይ ሴት፣ እኔም የጻፍኩትን ወረቀት ዘርግቼ አየዋለሁ። በዚያ ላይ በሚቀጥለው መስከረም ውጭ አገር ሄጄ እንድማር ታጭቼ ስለነበር መሬትም አልበቃኝ ብሎ ነበር።

በዚያ ክረምት ሦስት ሆነን ወደ አምቦ ተላክን። የቡድናችን መሪ ታደለ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፈጣን፣ ሁልጊዜ ሰዓቱን የሚያይ፣ "በተባለው ቀን" የምትል ቃል ከአፉ የማትጠፋ ሰው ነው። ሦስተኛችን ጋሽ ድሪባ ነበር። የጉደር ልጅ ነው፤ ሃምሳን አልፏል፤ ብዙ ዓመት የኮምፒዩተር ካርድ ሲበሳ ኖሮ በራሱ ጥረት ፕሮግራም መጻፍ የተማረ። አንድ መስመር ጽፎ ሁለቴ ያነባል፤ ከዚያ በእርሳስ ምልክት ያደርግና እንደገና ያነባል። እኔና ታደለ በእሱ እየቀለድን ነበር የምንውለው። እሱም አብሮን ይስቃል።

ሥራችን የመምህራን ድልድል ነበር። ከተማ የቆየው ወደ ገጠር፣ ገጠር የቆየው ወደ ከተማ በየጥቂት ዓመቱ ይዘዋወራል። ድሮ ኮሚቴ ተቀምጦ ይሠራው ስለነበር ዘመድ ያለው አምቦ ይቀራል፣ ዘመድ የሌለው ጊንደበረት ካቺሲ ድረስ ይወርዳል እየተባለ ሐሜቱ አያልቅም። አሁን ኮምፒዩተር ያለ አድልዎ ይሥራው ተባለ። መምህራኑ ፎርም ሞልተዋል። ልጅ ያለው ነጥብ ያገኛል፣ ትዳር ጓደኛው አምቦ የሚሠራም ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ያነሰ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። ኮምፒዩተሯን ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣት ሄድኩ። ሆለታ ላይ እግሬ ደነዘዘ፤ ጊንጪ ስንደርስ እግር እንዳለኝም ረስቼ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ፎርሞቹን ስናስገባ ዋልን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር መብራት ይጠፋል፤ እኛም ዲስኬቱን እንደ ሕፃን ታቅፈን እንጠብቃለን። ረቡዕ ረፋድ ላይ ግን ፕሪንተሩ ያን የሚያንጫጫ ድምፁን እያሰማ ዝርዝሩን ማውጣት ጀመረ። ወረቀቱ እየተጣጠፈ ወለሉ ላይ ሲወርድ ታደለ አጨበጨበ።

"አለቀ! ነገ ጠዋት ይለጠፋል። በተባለው ቀን!"

"ፎርሞቹን አንድ ጊዜ ላንብባቸው" አለ ጋሽ ድሪባ።

"የትኞቹን?"

"ሁሉንም።"

ታደለ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። "ጋሽ ድሪባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያንተ እንቁላል ግን መነሳቱንም እንጃ።"

ጋሽ ድሪባ ስቆ መነጽሩን አደረገና ጥግ ላይ ተቀመጠ። እኛ ምሳችንን በልተን ስንመለስ እሱ ካለበት አልተነሳም። ከክምሩ ሠላሳ የሚሆኑ ፎርሞችን ለብቻ አውጥቷል።

"ነይ እስቲ ልጄ፣ እነዚህን እያቸው። 'የልጆች ብዛት' የሚለው ቦታ ባዶ ነው።"

"ባዶ ከሆነማ ልጅ የላቸውም ማለት ነዋ፣ ጋሼ። ማሽኑ ባዶውን ዜሮ ብሎ እንዲያነበው ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለብቻው ላጣራ ብል ስንት መስመር ይጨምርብኝ ነበር" አልኩት፤ እንዲያደንቀኝ እየጠበቅሁ።

"ልጅ የሌላቸውስ ምን ጻፉ?"

ሌሎቹን ፎርሞች አሳየኝ። "የለኝም" ብለዋል። ወይም ዜሮ ጽፈዋል። አንዱ ጎረምሳማ "ገና ነኝ" ብሎ ጽፏል።

"የሌላቸው የለንም ብለዋል። እነዚህ ግን ምንም አላሉም። ለምን?"

"ረስተው ይሆናላ።"

"ሠላሳ ሰው ልጁን ይረሳል?" አለኝ ቀስ ብሎ።

  ጋሽ ድሪባ ከላይ ያለውን ፎርም አነሳ። መምህርት ጫልቱ፣ ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር፣ አምቦ። የልጆች ብዛት ባዶ፣ የባል የሥራ ቦታም ባዶ። ዝርዝሩን ከወለሉ አንስቼ ስሟን ፈለግሁ። ካቺሲ ደርሷታል። በዚያ ክረምት የጊንደበረት መንገድ በጭቃ ተቆርጦ ሰው የሚደርሰው በበቅሎ ነበር።

"ቤቷ ሑሉቃ ወንዝ ማዶ ነው፣ ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ሄደን እንጠይቃት" አለ ጋሽ ድሪባ።

ታደለ ሰዓቱን አየ። "አንድ ሰዓት እሰጣችኋለሁ" አለ።

በጋሪ ሄድን። ካፊያው ፊታችንን ይመታናል፤ ፈረሱ ጭቃውን እየረጨ ቀሚሴን አበላሸው። ጋሽ ድሪባ በመንገድ ላይ ስለ እናቱ አወራኝ። እናቱ ስንት ልጅ እንደወለደች ተጠይቃ "ያሉት አሉ" ከማለት በቀር ቁጥር ጠርታ አታውቅም አለኝ። እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ስለሆንኩ ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም።

ጫልቱ በሩን ራሷ ከፈተችልን። ቀይ ዳማ፣ ረዘም ያለች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ሹራቧን ከፊት መቆለፍ አልቻለችም፤ እርጉዝ ናት፣ ወሯም ገብቷል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ድሪባ!" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው።

"ፈያ፣ ገለተ ዋቃ። ይቺ ምሕረት ትባላለች፣ የሥራ ባልደረባዬ ናት።"

"ግቢ እህቴ፣ በስብሰሻል እኮ።" ወንበሩን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ አስቀመጠችኝና ቆሎ አቀረበችልን። አልጋው ላይ ሦስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ጋቢ ለብሳ ተኝታለች። ልጅቷን ሳይ ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ። እኔ ዜሮ ያልኳት ልጅ ናታ!

ጋሽ ድሪባ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ጎረቤቱ ጤና እየጠየቀ ብዙ ቆየ። እኔ በልቤ ታደለ የሰጠንን አንድ ሰዓት እቆጥራለሁ። በመጨረሻ ፎርሙን ከኪሱ አወጣ።

"ይህን ቦታ ባዶ ትተሽዋል፣ ጫልቱ።"

"ኢጆሌን ሂን ለካአመን፣ ኦቦ ድሪባ። እርስዎ እያወቁት!" አለች። ከዚያ እኔ እንድሰማው ወደ አማርኛ መለሰችው። "ልጅ አይቆጠርም፣ እህቴ። አስተማሪ ሆነሽ እንዲህ ታምኛለሽ ወይ ትይኝ ይሆናል። አላምንም ነበር። ከዓመታት በፊት እንደዚህ ያለ ፎርም መጣና 'ሁለት' ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ዓመት ኩፍኝ ገባ፣ ሁለቱንም ቀበርኩ። ፎርሙ እንዳልገደላቸው አውቃለሁ፤ ሦስተኛ ክፍል ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ይኸኛውን ስሞላ እጄ እምቢ አለኝ። ደግሞስ ስንት ብዬ ልጻፍ? የሞቱትን ልቁጠር? ይቺን ብቻ? የሚመጣውን ጨምሬ?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። 

"የባለቤትሽስ የሥራ ቦታ?" አልኳት። 

"ግዳጅ ሄዷል። ሰሜን። የት ብዬ ልጻፍ? ደብዳቤው ከመጣ አራት ወሩ ነው። መሸከሜን ነግሬዋለሁ፤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም።" ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ባዶ የተውኩት ስለሌለኝ አይደለም፣ እህቴ። ሥራ የሚሠራበትን ስለማላውቅ ነው። እሱ የሚያውቀው ይህን ቤት ነው። ደብዳቤውም የሚመጣው እዚሁ ነው፤ እዚህ ሆኜ መጠበቅ ነው እንግዲህ።"

ትንሽ ቆይታ ጠየቀችኝ። "ድልድሉ ወጣ እንዴ? የት ደረሰኝ?"

ካቺሲ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ጋሽ ድሪባ ቀደመኝ። "ገና ነው። ገና አላለቀም" አለ።

ስንመለስ ጋሪው ላይ አለቀስኩ። ጋሽ ድሪባ መሐረቡን ሰጠኝና ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። "ጋሼ፣ አንተ ሁሉን ነገር ሁለቴ የምታነበው ለዚህ ነው?" አልኩት። ካርድ ይበሳ በነበረ ጊዜ በአንድ የሆስፒታል ዝርዝር ላይ የሰው ስም ዘሎ እንደነበርና ሰውዬው ተራው ሳይደርሰው እንደሞተ ነገረኝ። "ማንም አላወቀብኝም። እኔ ግን አወቅሁ" አለ። ስንት ወር የቀለድኩበት ዝግታ ይህ ኖሯል።

ለታደለ ሁሉንም ነገርነው። ፊቱ ተለዋወጠ።

"አይሆንም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለበላይ አካል ነገ ይለጠፋል ብሎ ሪፖርት አድርጓል። ኮምፒዩተር አይሳሳትም ብለን በስብሰባ ላይ የተናገርነው እኛ ነን! አሁን ተሳሳትን ብንል ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?"

"ሰው ነው እኮ፣ ታደለ! እርጉዝ ሴት በበቅሎ!"

"አሻጥር ነው የሚባለው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ታላቅ ወንድሜ የተሳሳተ ሪፖርት ላከ ተብሎ ነው እስር ቤት የገባው። አሻጥረኛ ብለውት። እናቴ እስካሁን በየሳምንቱ ስንቅ ትወስድለታለች። እኔ ሁሉን በቀኑ የምጨርሰው ሹመት ፈልጌ ይመስላችኋል አይደል?"

እንዲያ ነበር የሚመስለኝ። ለሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ማሽኑን እወዳለሁ፣ እሱ ሰውን ይፈራል፣ ጋሽ ድሪባ ደግሞ ለሰው ይፈራል፤ ሦስታችንም ግን አንድ ዓይነት ሥራ የምንሠራ ይመስለን ነበር።

"ስህተቱ የእኔ ነው። ብቻዬን ሄጄ እነግረዋለሁ" አልኩ። ፈርቼ ነው ያልኩት፤ ጀግና እንዳልመስላችሁ።

ኃላፊው በቢሮው ወረቀት ሲፈርም ነበር የደረስኩት። ደረቅ ሰው ነው ይባላል። ቆሜ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

"ጓዲት ምሕረት፣ ማሽኑ ተበላሽቷል ነው የምትይኝ?"

ይህን ሲል መውጫ እየሰጠኝ መሆኑ ገባኝ። አዎ ብል ማንም አይጠየቅም። ማሽኗ ትታሸጋለች፣ ድልድሉ ወደ ኮሚቴው ይመለሳል፣ እኔም በመስከረም እበርራለሁ። ዘመድ የሌላት ጫልቱ ደግሞ በኮሚቴም ቢሆን ካቺሲ ነው የሚደርሳት። 

"አልተበላሸም፣ ጓድ። ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መምህራኑ ለክረምት ስልጠና እዚሁ አምቦ ናቸው፤ አንድ ቀን ቢሰጠን እየጠየቅን እናስተካክለዋለን።"

"ይህ በማኅደርሽ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

በሩ ተንኳኳ። ታደለ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከኋላው ጋሽ ድሪባ ቆሟል። "ጓድ ኃላፊ፣ ቡድኑን የምመራው እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ላይ ፈርሜበታለሁ። ብቻዋን አትጠየቅም" አለ።  ከዚያን ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያለ ድፍረት አላየሁም።

ኃላፊው ብዕሩን መልሶ አነሳ። "ዓርብ ምሳ ሰዓት። ከዚያች ደቂቃ ብታልፉ አላውቃችሁም" አለ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን በስልጠናው ግቢ ስንዞር ዋልን። ታደለ በአንድ ሰዓት ስምንት ሰው ይጠይቃል፤ ጋሽ ድሪባ አንድ ሰው ይዞ አጎቱ ስለሞቱበት ያጽናናል። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ሁለቱንም ለመሆን ስሞክር ሁለቱንም አልሆን እላለሁ። አንዱ የእንጭኒ መምህር ቁጥር አልጠራ ብሎኝ፣ የልጆቹን ስም በተራ ጠራልኝና "እንግዲህ የሒሳብ ምሩቅ ነሽ፣ ቀሪው ያንቺ ነው" አለኝ። ከሸነን የመጣች አንዷ ደግሞ ልጇን እህቷ ስለምታሳድግላት፣ የእኔ ይባል የእሷ አላውቅም ብላ ነበር የተወችው። ሠላሳውም ባዶ ቦታ የየራሱ ምክንያት ነበረው። አንዱ ብቻ በእርግጥ ረስቶ ተገኘና ታደለ ከሳቁ የተነሳ ግድግዳ ተደገፈ።

በጫልቱ ፎርም ላይ ቤቷ ያየኋትን ልጅ ሞላሁና ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ማሽኗ ባዶ ስታገኝ ዜሮ ብላ አታልፍም፤ ቆማ "ይጠየቅ" ትላለች። ከዚህ በፊት ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙና መልከ ጥፉው ሆነ። ዓርብ ከምሳ በፊት ዝርዝሩ ተለጠፈ።

ጫልቱ ከሰዉ ኋላ ቆማ ጠበቀች። መንገድ ሲለቁላት ቀርባ ስሟን በጣቷ ፈለገች፤ አምቦ፣ ያው የነበረችበት ትምህርት ቤት። ጣቷን ከስሟ ላይ ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ አቀፈችኝ፤ ሆዷ መሃላችን ገብቶ አላቃቅፍ ብሎን ሳቅን።

"ስንት እንደሆኑ አሁንም አልነግርሽም" አለችኝ ጆሮዬ ላይ።

"አልጠየቅሁሽም" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ወደ ውጭ የሚሄደውም ሌላ ሰው ሆነ። ዋሽቼ አልጎዳኝም አልልም፤ ብዙ ዓመት ቆጭቶኛል። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብዬ የማየት ነገር ነበረብኝ። ታደለን ግን ማንም አልነካውም፤ ያን ማታ የመጀመሪያውን ሙሉ እንቅልፍ እንደተኛ ነገረኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ዛሬ በዚሁ ሙያ ላይ ናችሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት የእናንተን ዓይነቶች ይዤ ሠርቻለሁ። ለውበቱ የሚሠራ አለ፣ ቀኑን ለመድረስ የሚሠራ አለ፣ ለስሙ፣ ለእንጀራው፣ ፈርቶም የሚሠራ አለ። ድሮ ቢሆን ደረጃ አወጣላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ሰው ወደ ቡድኔ ሲመጣ ስለ ፈጣንነቱ ከመፍረዴ በፊት ምሳ ጋብዤ ስለ ቤቱ እጠይቀው ነበር። ታደለ ባይኖር ሥራው ዓርብ አይደርስም ነበር፣ ጋሽ ድሪባ ባይኖር ስህተቱ አይታይም ነበር፣ እኔም ባልኖር ማሽኗን የሚያርም አይገኝም ነበር። አጭር መጻፍ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ዐመል ነው። ግን የቆጠብኩት መስመር ማንን እንደሚነካ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ በተበተነበት ዓመት ጋሽ ድሪባ አንድ ጠዋት ቢሮዬ መጣ። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ጉደር ገብቷል። ሳይቀመጥ "መጣ" አለኝ።

"ማን?"

"የጫልቱ ባል። ከስቶ፣ እግሩ አብጦ፣ ከሰሜን እስከዚህ ግማሹን በእግሩ።"

ደብዳቤ ከተቋረጠ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። እሷ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም፤ የሚጠይቀው ሰውም አልነበረውም። የሚያውቀው ያን ሑሉቃ ማዶ ያለውን ቤት ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ ሄዶ አንኳኳ። በሩን የከፈተችለት እሱ ከሄደ በኋላ የተወለደችው ልጅ ናት። ቀና ብላ አየችውና "ማንን ፈልገህ ነው?" አለችው። ሰውየው በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ጫልቱ ከጓዳ "ማነው እሱ?" እያለች እስክትወጣ ድረስ።